ጀርባው ክፍት ኢርፎን ቤዝ የለውም? መጀመሪያ ፊቱን እንየው

ጥያቄው ረዘም ያለ ነው፣ አሳጥሬ ላቅርበው፦

«አሜሪካ ያለችው እህቴ ኦዲዚ አይሳይን 10 የሚባል ኢርፎን ላከችልኝ። ያገለገለ ነው። ከጆሮ ጎማዎቹና ከተራው ገመድ ጋር ነው የመጣው። ጀርባው ወንፊት ነው። ድምፁ ሰፊ ነው ሲሉ ስለሰማሁ በጣም ጓጉቼ ነበር። ሳምሰንግ ስልኬ ላይ በአስማሚ ሰካሁት። ቤዝ የለውም ማለት ይቻላል። ዘፋኟ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትዘፍን ነው የሚመስለው። ታክሲ ውስጥማ ጭራሽ አይሰማም። የ500 ብሩ ኢርፎኔ ይሻላል። ጓደኛዬ ‹100 ሰዓት ሲጫወት ይከፈታል› ይለኛል። ጥሩ መሆን አለመሆኑን በምን ልለይ? ልሽጠው ወይስ ልያዘው?»

አጭሩን ልንገርህ፣ ወንድሜ። አትሽጠው፣ ገና ነህ። እስካሁን የሰማኸው ኢርፎኑን አይደለም። ያልገጠመ ጎማ፣ የታክሲ ሞተርና የጎደለ ማስተካከያ ተደባልቀው ነው የሰማሃቸው። ሦስቱን አንድ በአንድ እንለያቸው። ከዚያ በኋላም ካልጣመህ በሰላም ሽጠው።

በቅድሚያ «ክፍት» የሚባለውን ነገር እናጥራው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። ጎማ የሌለው፣ ጆሮ አፍ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ኢርፎን አለ። ተራው ኤርፖድ እንደዚያ ነው። እሱ ክፍት የሆነው በፊቱ በኩል ነው፤ ድምፁ ወደ ጆሮ በሚገባበት ቦታ አየር ይወጣል፣ ይገባል። ያንተ ሌላ ነው። ፊቱ በጎማ ይዘጋል፤ የተከፈተው ጀርባው ነው።

ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሽፋን ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከኋላው ይስባል። ስለዚህ ድምፅ የሚወጣው በሁለቱም በኩል ነው። ዝግ ኢርፎን ውስጥ የኋላው ድምፅ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይታፈናል። ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፣ ሽፋኑን አልፎ ከፊተኛው ጋር ይደባለቃል። የታፈነችው አየርም ሽፋኑ እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ ትገፋዋለች። ጀርባው ሲከፈት ይህ ሁሉ ይቀንሳል። የክፍት ጀርባ ጥቅም በአጭሩ ይኸው ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኤችዲ 414 የተባለውን ክፍት የራስ ማዳመጫ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የጃፓኑ ስታክስ ደግሞ በ1990ዎቹ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ክፍት ኤሌክትሮስታቲክ (ሽፋኑ በኤሌክትሪክ መስክ የሚንቀሳቀስ) ኢርፎን ነበረው። ያንተው አይሳይን ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ሲመጣ ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። 30 ሚሊሜትር የሆነ ፕላናር ማግኔቲክ (ጠፍጣፋ፣ በማግኔት የሚንቀሳቀስ) ሽፋን ከጆሮ ውጪ አስቀምጦ ድምፁን በቀጭን አፍንጫ ወደ ውስጥ ይልከዋል። ተራ ኢርፎን ውስጥ ያለው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የቅርፁ ሥራ ከቢኤምደብሊው የዲዛይን ቤት ጋር የተሠራ ነው፤ ለዚህ ነው የሸረሪት ድር የመሰለው።

እግረ መንገዴን፦ ገበያ ላይ ጀርባቸው ወንፊት የሚመስል ግን ከሥሩ ድፍን የሆኑ ብዙ ኢርፎኖች አሉ። ወንፊቱ ለውበት ነው። ለመለየት ቀላል ነው። ሙዚቃ እየሰማህ ጀርባውን በጣትህ ሸፈን አድርገው፤ ወደ ውስጥ ግን እንዳትጫነው። በእርግጥ ክፍት ከሆነ የድምፁ ቀለም ወዲያው ይቀየራል። ካልተቀየረ ወንፊቱ ጌጥ ነው።

አሁን ወደ ቤዙ እንምጣ። ብዙ ሰው «ጀርባው ክፍት ስለሆነ ቤዙ በዚያ ወጣ» ብሎ ያስባል። አይደለም። ቤዝ የሚወሰነው በፊቱ ነው። ጎማው ግጥም ብሎ ከተቀመጠ በሽፋኑና በጆሮህ ታምቡር መካከል ያለችው አየር በጣም ትንሽ ናት። ሽፋኑ በትንሹ ቢንቀሳቀስ እንኳን እዚያ ውስጥ በቂ ግፊት ይፈጠራል። ዝቅተኛው ድምፅ እስከ 20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ንዝረት) የሚወርደው በዚህ ነው። ጎማው ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ካለች ግን ግፊቱ በዚያ ያመልጣል። መጀመሪያ የሚሄደው ጥልቁ ቤዝ ነው፤ ከ10 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በላይ ሊወርድ ይችላል። ጀርባው ክፍትም ይሁን ዝግ ሕጉ ያው ነው። ለውጡ ክፍት ኢርፎን ላይ መፍሰሱን ቶሎ አለማወቅህ ነው። ዝግ ኢርፎን ሲገጥም ዓለም ጭጭ ይላል፤ መግጠሙን በዚያ ታውቃለህ። ያንተ ቢገጥምም የውጭው ድምፅ በስሱ ሽፋን በኩል አልፎ ይገባል። ስለዚህ «ገጥሟል ወይስ አልገጠመም?» የሚለውን በዝምታው መለየት አትችልም።

በድምፅ ታረጋግጠዋለህ። ስልክህ ላይ የድምፅ ቃና የሚያመነጭ ነፃ መተግበሪያ አውርድ። 40 ኸርዝ ላይ አድርገው፣ ቮልዩሙን ዝቅ አድርገህ ጀምር። አሁን አንዱን ኢርፎን በቀስታ ወደ ውስጥ ጫን አድርገው። ቃናው ጎልቶ ከመጣ ጎማው ያፈስ ነበር ማለት ነው። ሌላውንም እንዲሁ ሞክር። የሁለቱ ጆሮ ቀዳዳ እኩል አይደለም፤ ለግራ መካከለኛ፣ ለቀኝ ትልቅ ጎማ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። ስትጫነው ምንም ካልተለወጠ ገጥሟል። አይሳይን ከጆሮ ውጪ የሚንጠለጠል ክብደት ስላለው ሲያወሩ ወይም ሲያኝኩ ይላላል። የጆሮ ማንጠልጠያውን ካላደረግከው አድርገው።

ለምን በሙዚቃ ብቻ አትሞክርም ብትለኝ፣ ጭንቅላታችን ስለሚያታልለን ነው። የአንድ ወፍራም ድምፅ መሠረቱ ቢጠፋ እንኳን ከላይ ያሉትን ድርብርቦቹን ሰምቶ ጭንቅላት የጎደለውን ይሞላዋል። የድሮ ስልክ መስመር ከ300 ኸርዝ በታች አያሳልፍም ነበር። የወንድ ድምፅ መሠረት ደግሞ ብዙ ጊዜ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው። ቢሆንም አባትህን በስልክ ሴት አድርገህ አልሰማሃቸውም። ኢርፎን ስትፈትንም እንዲሁ ነው። ቤዝ ጊታሩን «ሰማሁት» ትላለህ፣ ግን የሰማኸው ጥላውን ሊሆን ይችላል። ንጹሕ የ40 ኸርዝ ቃና ላይ ግን ጭንቅላት የሚሞላበት ነገር የለውም።

ጎማው ገጥሞም ቤዙ ከ500 ብሩ ኢርፎንህ ያነሰ መስሎ ሊሰማህ ይችላል። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ርካሹ ኢርፎን ቤዙ ሆን ተብሎ ተነፍቷል። መንገድ ላይ እንዲሸጥ፣ መንገድ ላይ እንዲሰማ ነው የተሠራው። አይሳይን ቤዙ ጥልቅ ድረስ ይወርዳል፣ ግን አልተነፋም። የትኛው ይሻላል የሚለው የጣዕም ጉዳይ ነው። ቤዝ ወዳጅ መሆን ነውር አይደለም፤ ኢኳላይዘር (የድምፁን ክፍሎች ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ ማስተካከያ) ላይ ከ100 ኸርዝ በታች 4 ዴሲቤል መጨመር ትችላለህ። ፕላናር ሽፋን እንዲህ ያለውን ጭማሪ ሳይጨናነቅ ይችለዋል።

ታክሲው ላይ ብዙም አንቆይም። ጥሩ ጎማ ያለው ዝግ ኢርፎን ከ20 ዴሲቤል በላይ የውጭ ድምፅ ይከለክላል። ያንተ ከሞላ ጎደል ምንም አይከለክልም። የሚኒባስ ውስጥ ጩኸት ብዙ ጊዜ 70 ዴሲቤል ያልፋል፤ ደግሞ አብዛኛው ዝቅተኛ ድምፅ ነው፦ ሞተር፣ የመኪና ጎማ፣ አስፋልት። ዝቅተኛ ጩኸት በመጀመሪያ የሚውጠው ዝቅተኛ ሙዚቃን ነው። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ «ቤዝ የለውም» ብለህ የፈረድከው በኢርፎኑ ላይ አይደለም፣ ሞተሩ በላው እንጂ። ቮልዩም ጨምሬ ላሸንፈው ብትል ጆሮህን ትጎዳለህ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። 3 ዴሲቤል በጨመርክ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 89 ላይ ስትደርስ የቀረህ በሳምንት 5 ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጀርባው ክፍት ስለሆነ ከጎንህ የተቀመጠው ተሳፋሪ አብሮህ ያዳምጣል። ለታክሲ የ500 ብሩን ተጠቀም። የቀልዴን አይደለም፤ ለዚያ ሥራ እሱ የተሻለ ኢርፎን ነው።

ወደ ብርድ ልብሱ እንግባ። ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

ጆሮህ ባዶ ሲሆን፣ ማለት ምንም ሳይሰካበት፣ ቀዳዳው ራሱ ድምፅ ያጎላል። ርዝመቱ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል አካባቢ ነው፤ አንዱ ጫፉ ክፍት፣ ሌላው በታምቡር የተዘጋ። እንዲህ ያለ ቱቦ 3 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ይነዝራል። ታምቡር ጋ ሲደርስ በዚያ አካባቢ ያለው ድምፅ ከ10 ዴሲቤል በላይ ጎልቶ ነው። ከተወለድክ ጀምሮ የሰው ድምፅ የሰማኸው እንዲህ ሆኖ ነው። ጭንቅላትህ ይህንን ጭማሪ «ተፈጥሯዊ» ብሎ መዝግቦታል። ኢርፎን ስትሰካ ቀዳዳው በሁለቱም በኩል ይዘጋል። የ3 ሺሁ ንዝረት ይጠፋል። በምትኩ ሌላ ንዝረት ከፍ ብሎ፣ ከ6 እስከ 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ኢርፎን ሠሪው የጠፋውን የ3 ሺህ ጭማሪ ራሱ መልሶ መስጠት አለበት። ካልሰጠ ዘፋኟ ትርቃለች፣ ትታፈናለች።

አይሳይን በጥሬው ይህን ጭማሪ በበቂ አይሰጥም። ከ2 እስከ 5 ሺህ ኸርዝ ባለው ክልል ይጎድላል። ሠሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። አብሮት እንዲሸጥ ያዘጋጁት ሳይፈር የተባለ ገመድ ነበር፤ በአይፎን ላይትኒንግ ቀዳዳ የሚሰካ፣ በውስጡ ድምፁን የሚያስተካክል ፕሮሰሰርና ማጉያ ያለው። ማስተካከያው ገመዱ ውስጥ ነበር ማለት ነው። አንተ የደረሰህ ተራው ገመድ ነው። ስልክህም ሳምሰንግ። ስለዚህ ሰዎች «ግሩም ነው» ሲሉ የሰሙት ድምፅና አንተ የሰማኸው ድምፅ አንድ አይደሉም። ያንተ ጆሮ ልክ ነው። የጎደለውን በትክክል ነው የለየኸው፤ ብርድ ልብሱ አለ።

ብርድ ልብሱን ለማንሳት ገመዱን ፍለጋ መሄድ አያስፈልግህም። አንድሮይድ ላይ ዌቭሌት የሚባል መተግበሪያ አለ። አውቶኢኪው ከሚባለው ነፃ ክምችት ለብዙ ሺህ ኢርፎኖች የተዘጋጀ ማስተካከያ ይጠቀማል። የኢርፎንህን ስም ፈልገህ መምረጥ ብቻ ነው። ይህ ግማሽ መንገድ ያደርስሃል። የቀረውን በራስህ ጆሮ ጨርሰው። በእጅ ልሞክር ካልክ 4 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ሰፋ ያለ ጭማሪ አድርግ። በ3 ዴሲቤል ጀምር። አንድ ሁለት ቀን ስማው፣ ከዚያ ወደ 6 ከፍ አድርገው። አንዴ ብድግ አድርገህ 10 ብታደርገው ጆሮህ ይደነግጣል፣ «ጮኸ» ብለህ ትተወዋለህ። አንድ ጥንቃቄ፦ የጨመርከውን ያህል አጠቃላዩን ደረጃ፣ ፕሪአምፕ የሚሉትን፣ ቀንሰው። 6 ከጨመርክ 6 ቀንስ። አለበለዚያ ድምፁ ጣሪያ ነክቶ ይሰነጠቃል፣ አንተም ኢርፎኑን ትወቅሳለህ።

አሁን ነው መፍረድ የሚቻለው። ጎማው ገጥሟል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ማስተካከያው ገብቷል። በምን እንፈርድ?

ከሁሉ በፊት ቮልዩም አስተካክል። ሁለት ኢርፎን ስታወዳድር በትንሹ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። አንድ ዴሲቤል እንኳን ይበቃል። «ጮኸ» ብለህ አታስተውለውም፤ «ጠራ፣ ሞላ» ብለህ ነው የምታስተውለው። አንድ ሰው የሚያወራበትን ቅጂ በሁለቱም ክፈትና እኩል እስኪሆንልህ ድረስ የየራሳቸውን የቮልዩም ቁጥር ጻፍ። ስታወዳድር በዚያ ቁጥር ብቻ ስማ። ደግሞ በጣም ዝቅ ባለ ቮልዩም አትፍረድ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ በመጀመሪያ የሚተወው ቤዙን ነው። እኩለ ሌሊት ሰው እንዳይነቃ ብለህ በሹክሹክታ ሰምተህ «ቤዝ የለውም» ማለት አይቻልም።

ለፈተና የምትመርጠውን ድምፅ በተመለከተ የእኔ አቋም ጠንከር ያለ ነው። የውጭ ገምጋሚዎች የሚጠሩትን ዘፈን ተወው። ያንን መሣሪያ በአካል ሰምተህ አታውቅ ይሆናል፤ ምን መምሰል እንዳለበት በምን ታውቃለህ? በአካል የሰማኸውን ምረጥ። እዚህ አገር ላደገ ሰው ደግሞ የሚገርም የፈተና ሀብት አለ።

የመጀመሪያው የዜና አንባቢ ነው። አማርኛ ለኢርፎን ፈተና የተሠራ ነው እላለሁ። «ሰ» ጉልበቱ ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ነው። «ሸ» ከዚያ ዝቅ ይላል፣ ከ2 ሺህ ተኩል እስከ 5 ሺህ አካባቢ። «ሸ» ደካማ ሆኖ «ሰ» ብቻ ከወጣ ቀደም ያልነው ከ2 እስከ 5 ሺህ ያለው ክልል ጎድሏል ማለት ነው፤ ማስተካከያህ አልበቃም። «ሰ» ወደ «ሸ» ካደላ ከላይ ያለው ትሬብል ጠፍቷል። «ሰ» ጆሮህን እንደ መርፌ ከወጋህ ደግሞ ከ6 እስከ 9 ሺህ መካከል ሹል ጫፍ አለ። ከዚያ «ጠ»ን፣ «ጨ»ን፣ «ጸ»ን፣ «ቀ»ን ስማ። እነዚህ በድንገት የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። ጥሩ ፕላናር ኢርፎን ላይ ፍንዳታው ብቻውን ተለይቶ ይሰማል፣ ወዲያው ያበቃል። ደካማ ኢርፎን ላይ ከሚከተለው አናባቢ ጋር ይጣበቃል። አይሳይን ጎበዝ የሆነው እዚህ ነው፤ ማስተካከያ ሳይገባለት እንኳን ይህን ታስተውላለህ።

ሁለተኛው በገና። አሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ያንን የሚርገበገብ ድምፅ ትፈጥራለች። ከታች ወፍራም መሠረት፣ ከላይ የማያልቅ ርግብግቢት። ብዙ ኢርፎን አንዱን ይሰጥህና ሌላውን ይነፍግሃል። ቤዙ የተነፋ ከሆነ ርግብግቢቱ ጭቃ ይሆናል። ትሬብሉ ከበዛ ደግሞ በገናው ወፍራምነቱን አጥቶ ዝንብ ዝንብ ይላል። ትክክለኛው ላይ እያንዳንዱ አውታር ሲመታ፣ ሲርገበገብና ሲደክም ትከተለዋለህ። ያለ ምንም አጃቢ የተቀረጸ የበገና መዝሙር ፈልግ። ከዚህ የተሻለ የሚድ፣ ማለት የመካከለኛው ድምፅ፣ ፈተና አላውቅም።

መሰንቆም ይረዳል፤ የቀስቱ የፀጉር ግጭት ከዜማው ተለይቶ መሰማት አለበት። ዋሽንት ላይ ትንፋሹን ስማ። ከበሮ ላይ ሁለቱ ፊቶች የተለያዩ መሆናቸውን። ጸናጽል ላይ ሻሻታ ሳይሆን የብረት ቅንጣት። እልልታ ደግሞ የመጨረሻው ፈራጅ ነው። ጉልበቱ ጆሮ በጣም በሚነቃበት ክልል ላይ ነው፤ ማስተካከያውን አብዝተኸው ከሆነ እልልታ ሲመጣ ኢርፎኑን ነቅለህ ትጥለዋለህ። ያኔ አንድ ሁለት ዴሲቤል መልስ።

ቅጂው ግን ይታሰብበት። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ 128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ብዙውን ጊዜ ከ16 ሺህ ኸርዝ በላይ ተቆርጧል፤ ጸናጽሉም ውሃ ውሃ ይላል። ከካሴት የተገለበጠ ድሮ ዘፈን ሹሹታው ከካሴቱ እንጂ ከኢርፎኑ አይደለም። የድሮ ዘፈን ለደስታህ ስማው። ለፍርድ ግን በቅርብ ዓመታት በደንብ የተቀረጸ፣ በሙሉ ጥራት የሚለቀቅ ቅጂ ያዝ። የድሮ ሞኖ ቅጂ (በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰማበት) ለአንድ ነገር ግን ይጠቅማል፦ ዘፋኙ ልክ መሐል መሆን አለበት። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካዘነበለ በደካማው በኩል ጎማው ያፈስሳል፣ ወይም አፍንጫው ላይ ያለው መረብ በጆሮ ኩክ ተደፍኗል። ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ይህን አጣራ። መረቡን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቀህ ጥረገው። መርፌ አታስገባ፤ ሽፋኑ በጣም ስስ ነው።

«ሰፊ ድምፅ» የተባለልህን በተመለከተ ትንሽ ላቀዝቅዝህ። ክፍት ጀርባ ዘፋኙን ክፍሉ ጥግ አይወስድልህም። ድምፁ አሁንም ታምቡርህ አጠገብ ነው የሚፈጠረው። የስፋት ስሜቱ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ የውጭው ድምፅ አብሮ ስለሚገባ ጭንቅላትህ «ተዘግቼያለሁ» አይልም፤ የቤትህ አየር ይሰማሃል። ሁለተኛ፣ ከጀርባ ተመልሶ የሚያጨቀይ ድምፅ ስለሌለ ትንንሽ የማስተጋባት ጭራዎች እስከ መጨረሻቸው ይሰማሉ። እነዚያ ጭራዎች ናቸው «ይህ የተቀረጸው ሰፊ ቦታ ነው» የሚሉህ። ስለዚህ ስፋትን ስትፈትን «ምን ያህል ራቀ?» ብለህ አትጠይቅ። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የተቀረጸ ዝማሬ ክፈትና ድምፁ ሲቆም ጭራው የት ድረስ እንደሚሄድ ስማ። ከዚያ በ500 ብሩ ኢርፎን ድገመው። ልዩነት ከሌለ ለስፋት ብለህ ገንዘብ አታውጣ። እኔ እንደምገምተው ግን ትሰማዋለህ።

የ100 ሰዓቱን ነገር ጓደኛህ ይቅር ይበለኝ። ያንተ ያገለገለ ነው፤ የሚፈታ ነገር ካለው ድሮ ተፈቷል። በአዲስ ኢርፎንም ቢሆን ከጊዜ ጋር በጣም የሚለወጠው አድማጩ ነው። ጆሮ ይለምዳል፣ ጎማም ይለሰልሳል። የ4 ሺህ ኸርዝ ጉድለት በሰዓት ብዛት አይሞላም።

ግራፍ ማየት ከወደድክ እይ፣ ግን በልኩ። ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ሐርማን በተባለው የድምፅ መሣሪያ ኩባንያ ብዙ አድማጮችን ፈትነው ያወጡት የኢርፎን መነሻ መስመር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የ2019ኙ ነው። አብዛኛው ሰው ምን እንደሚወድ ይነግርሃል፣ አንተ ምን እንደምትወድ አይነግርህም። በተለመደው መለኪያ የተሠራ ግራፍ ከ8 ሺህ ኸርዝ በላይ ብዙም አይታመንም፤ እዚያ ያለው ጫፍ ኢርፎኑ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። በራስህ ላይ ማየት ትችላለህ። የቃና መተግበሪያውን ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ቀስ እያልክ ውሰደው። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይወጋሃል። ቁጥሩን ያዝ። ጠለቅ ያለ ወይም አጠር ያለ ጎማ ቀይረህ ድገመው፤ ቁጥሩ ይቀየራል። የሚወጋህ ቦታ ላይ ጠባብ የ3 ዴሲቤል ቅነሳ ብታደርግ «ሰ» ይለዝብልሃል። ይህን ቁጥር ማንም ገምጋሚ ሊሰጥህ አይችልም፣ ጆሮው ሌላ ነውና።

ልሽጠው ላልከው፣ መልሱ የት እንደምትሰማ ላይ ነው። ሙዚቃ የምትሰማው ባብዛኛው መንገድ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ ወይም ሌላ ሰው በተኛበት ክፍል ከሆነ ሽጠው። ድምፁ ግሩም ቢሆንም ላንተ ኑሮ አይሆንም፤ የውጭውን ያስገባል፣ የውስጡን ያወጣል። ማታ ቤት ብቻህን የምትቀመጥበት አንድ ሁለት ሰዓት ካለህ፣ የበሩን ደወል ወይም የልጁን ለቅሶ እየሰማህ ማዳመጥ ከፈለግክ፣ ያዘው። ያገለገለው አይሳይን በሚሸጥበት ዋጋ በገናን እንዲህ የሚያሰማ ዝግ ኢርፎን ማግኘት ቀላል አይደለም። ሙዚቃ የምታቀናብር ከሆነ ግን በእሱ ብቻ ቤዝ አትወስን፤ ስፒከር ላይ አረጋግጥ። ብትሸጠው ደግሞ ያስተካከልክበትን የኢኳላይዘር ቁጥር ጽፈህ አብረህ ስጠው፤ በተለይ ገዢው የላይትኒንግ አይፎን ከሌለው።